የሚሄድ ክር፣ የቆመ ምስል

ቪዲዮ ካሜራ የተፈጠረው የሚንቀሳቀሰውን ለመከተል ነው። ሰው ሲራመድ፣ ሲዘፍን፣ ሲያለቅስ፣ ጠላ ሲቀዳ፣ እንቅስቃሴውን ከነድምፁ ተቀብሎ በክር ላይ ያሰፍራል። ፎቶግራፍ በበኩሉ ከዚህ ሁሉ ጉዞ አንዲቱን ቅጽበት ነጥሎ ያስቀራል። እንግዲህ ሁለቱ በግብር የተለያዩ ሆነው ሳሉ፣ የቪዲዮ ካሜራ ሠሪዎች ከመሣሪያው ጎን አንዲት ትንሽ ቁልፍ አበጅተው «ፎቶ» ብለው ጻፉባት። የሚሄደውን «ቁም!» የምትል ቁልፍ መሆኗ ነው። ስለዚች ቁልፍና ስለ ባልንጀራዋ ስለ ፍላሽ መጻፍ የተውኔት ደራሲን ምን አገባው የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኔ ግን ነገሩ ከሙያዬ የራቀ መስሎ ተሰምቶኝ አያውቅም። በመድረክ ላይ ተዋናይን ከማንቀሳቀስ ይልቅ በሚገባው ቦታና በሚገባው ጊዜ ቀጥ አድርጎ ማቆም ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያዘጋጀ ሁሉ ያውቀዋል።

ካሜራነትንም መቅጃነትንም አጠቃልሎ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የሚያርፈው መሣሪያ ለተራው ገዢ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። የሶኒ ኩባንያ ቤታሙቪ ያለው ይህ መሣሪያ ይቀዳል እንጂ የቀዳውን መልሶ አያሳይም ነበር። በ1984 ጄቪሲ አነስተኛ ካሴት የሚጎርሰውን፣ በ1985 ሶኒ ባለስምንት ሚሊሜትሩን አከታትለው አወጡ። በ1995 ደግሞ ካሴቱ ከክብሪት ሳጥን ጥቂት ብቻ የሚበልጠው ዲጂታሉ ሚኒ ዲቪ መጣ። ወደ እኛ ቤት የገባው ግን በዚህ ቅደም ተከተል አይደለም፤ በሻንጣ ነው የገባው። ከዐረብ አገር፣ ከጀርመን ወይም ከአሜሪካ ለሠርግ የመጣ ዘመድ ከልብሱ መካከል ጠቅልሎ ያመጣዋል፤ ሲመለስም አንዳንዴ ትቶት ይሄዳል። ካሜራውን ተከትሎ ጣጣው ይመጣል። ከአሜሪካ የመጣው በሰከንድ 30 ፍሬም፣ በፍሬም 480 መስመር የሚቀዳ ሲሆን፣ የእኛ አገር ቴሌቪዥን በሰከንድ 25 ፍሬምና በፍሬም 576 መስመር የሚያሳይ ነበር። ስለዚህ የሠርጉ ካሴት ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት ሲከፈት ሙሽራዋ ቀለሟን ጥላ ጥቁርና ነጭ ትሆናለች፤ አለዚያም ከላይ ወደ ታች ትንከባለላለች። «ቴሌቪዥኑ ነው የተበላሸው» የሚለው አባወራና «ካሜራው ነው» የሚለው እንግዳ እስኪመሽ ይከራከራሉ። ሁለቱም ዕቃዎች ደኅና ነበሩ፤ ቋንቋቸው ነበር የማይግባባው።

ወደ ቁልፏ እንመለስ። በሚኒ ዲቪ ካሜራ ላይ «ፎቶ» የምትለዋን ቁልፍ ጠበቅ አድርጎ የተጫነ ሰው የሚያገኘው ነገር እንግዳ ነው። ካሜራው አንዲቱን ፍሬም ይዞ፣ እርሷኑ ብቻ እየደጋገመ በክሩ ላይ ሰባት ሰከንድ ያህል ይቀዳታል። ክሩ አልቆመም፤ እየተጠቀለለ ነው። የቆመው ሥዕሉ ብቻ ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀኝም ድምፁ አለመቆሙ ነው። ሙሽራዋ አፏን ከፈት አድርጋ እንደ ሐውልት ደርቃ ሳለች እልልታው ይቀጥላል፤ አንድ ሕፃን ያለቅሳል፤ ከጓዳ ሰሃን ሲወድቅ ይሰማል፤ ከዚያም ሰባቱ ሰከንድ ሲያበቃ ሙሽራዋ ከድንጋይነቷ ተፈትታ፣ እኛ ባላየነው ሌላ ቦታ ቆማ፣ ሌላ ሰው እያየች ትገኛለች። በመካከሉ ያለው ሕይወት በጆሮ እንጂ በዓይን አልተመዘገበም። ይህን ሳይ የጥንቱን የተውኔት ስልት አስባለሁ፤ ተዋንያኑ ሁሉ በያሉበት ደርቀው ከመጋረጃ ጀርባ ድምፅ ብቻ የሚሰማበትን። የመሣሪያው መሐንዲሶች ስለ ቴአትር አስበው እንዳላደረጉት እርግጠኛ ነኝ። ክር ባለበት መሣሪያ ውስጥ ማናቸውም ነገር፣ መቆም እንኳ ሳይቀር፣ ጊዜ ይወስዳልና የግድ ሆነባቸው።

ኋላ ካሜራዎቹ ከክሩ ሌላ የማስታወሻ ካርድ ሲጨመርላቸው የቆመው ምስል የራሱን ማደሪያ አገኘ። ነገር ግን በብዙዎቹ መሣሪያዎች መጠኑ ከክሩ ላይ ካለው እንኳ ያነሰ ነበር፤ 640 በ480፣ ማለትም 307,200 ነጥብ። የእኛው ሥርዓት የክር ፍሬም 720 በ576 ሲሆን 414,720 ነጥብ ይወጣዋል። ቁጥሩ ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። ጥሩ ኅትመት ግን በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ይፈልጋል፤ ቢያካፍሉት ሙሉው ፍሬም ሳይደበዝዝ የሚታተመው በስድስት ሴንቲሜትር ወርድና በአምስት ሴንቲሜትር ቁመት ገደማ ነው። ድንኳኑ፣ ሙሽሮቹ፣ ሚዜዎቹ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ከመታወቂያ ጉርድ ፎቶግራፍ ብዙም በማይሰፋ ወረቀት ላይ!

ሌላም እክል አለ። የቴሌቪዥን ፍሬም ወጥ አይደለም፤ ከሁለት ግማሾች የተሰፋ ነው። አንደኛው ግማሽ 1ኛውን፣ 3ኛውን፣ 5ኛውን መስመር ሲይዝ ሌላው 2ኛውን፣ 4ኛውን፣ 6ኛውን ይይዛል። ሁለቱ ግማሾች የተነሡት ደግሞ በአንድ ሃምሳኛ ሰከንድ ልዩነት ነው። የማይንቀሳቀስ ነገር ከሆነ ግማሾቹ ሳይታወቅባቸው ይገጥማሉ። የሚንቀሳቀስ ሲሆን ግን ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጠቃል። እስክስታ የምትወርድ ልጃገረድ ከዚህ ክር ላይ በፎቶግራፍ መልክ ትውጣ ቢባል፣ ፊቷ ተለይቶ ትከሻዋ ሚዶ ይሆናል። መድኃኒቱ አንዱን ግማሽ ጥሎ በሌላው መኖር ነው፤ ያን ጊዜ 576 የነበረው መስመር 288 ይቀራል።

ስለ ብርሃን ደግሞ እንነጋገር። ፍላሽ የሚሉት ነገር ትውልዱ የማግኒዚየም ዱቄት ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ሚተና ጌዲከ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ቀምመው ያወጡት የሚፈነዳ ዱቄት ብርሃን ወደማይገባበት ቤት የካሜራን ዓይን አስገባ። ዴንማርክ የተወለደው ጋዜጠኛ ጄኮብ ሪስ በዚሁ ዱቄት እየተረዳ የኒው ዮርክን ድኾች ማደሪያ በሌሊት አንሥቶ በ1890 መጽሐፍ አድርጎ ባሳተመ ጊዜ፣ ጌቶቹ ጎረቤታቸው እንዴት እንደሚኖር አዩ። (በጨለማ የተኙትን ሰዎች ባሩድ በሚመስል ነገር መቀስቀሱ ጨዋነት ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ እኔም አልመልሰውም።) በ1930 አካባቢ በመስተዋት ውስጥ የሚነደው አምፑል መጣ። በ1930ዎቹ ደግሞ ሃሮልድ ኤጀርተን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በጋዝ በተሞላ ቱቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ እያስፈነጠረ፣ ከሺህ አንድ ሰከንድ እንኳ የማይሞላ ብልጭታን ለፎቶግራፍ አዋለው።

ይህ ብልጭታ ለቪዲዮ ለምን አይሆንም ቢሉ፣ ፍላሽ ኃይሉን በጥቂት ሰከንድ አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ የሚያፈስስ ነው። ቪዲዮ ግን በየሰከንዱ 25 ጊዜ ብርሃን ይለምናል። ስለዚህ ለክሩ የሚያስፈልገው ሳያቋርጥ የሚበራ መብራት ነው። ፍላሽ የተገጠመላቸው ቪዲዮ ካሜራዎች ቢኖሩም ፍላሻቸው የሚሠራው የቆመ ምስል ሲያነሡ ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ከሁለት ወይም ከሦስት ሜትር አያልፍም። በየሠርጋችን እንግዲህ ከካሜራማኑ ጎን መብራት ያዡን ልጅ ያየነው በዚህ ምክንያት ነው። ረጅም ገመድ ከግድግዳው ስቦ፣ በተመጋቢው እግር መካከል እያሳለፈ፣ ያንን የሚያቃጥል ብርሃን በየገበታው ላይ ሲያዞር ጉርሻ ያነሣ እጁን ያወርዳል፣ አሮጊቶች በነጠላ ይከለላሉ፣ ሽማግሌዎች ግንባራቸውን በመዳፋቸው ይጋርዳሉ። የዚያን ዘመን የሠርግ ካሴቶቻችንን ያየ ሰው ሕዝባችን ዓይኑን ጨፍኖ የሚበላ ሊመስለው ይችላል።

ከዚህ ላይ ስለ ነጠላችን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ካሜራ በራሱ ብርሃንን ሲለካ ፊታችንን አያውቅም፤ የሚያውቀው የሥዕሉን አማካይ ድምቀት ነው። ጠይም እናት ነጭ ጥበብ ለብሳ፣ ነጠላ ተከናንባ ስትቀርብለት «ብርሃን በዛ» ብሎ ቀዳዳውን ያጠብባል፤ ልብሷ ያምራል፣ ፊቷ ግን ጥላ ይሆናል። ይህ የአንድ ካሜራ ጥፋት ብቻ አይደለም። ለረጅም ዘመን የፊልም ማጠቢያ ቤቶች ቀለማቸውን ያስተካክሉበት የነበረው ናሙና ካርድ የነጭ ሴት ምስል ነበር፤ «ሸርሊ ካርድ» ይባል ነበር። ፊልሙ የጥቁርን ፊት ዝርዝር አልይዝም ሲል የሰሚ ጆሮ ያገኘው የቸኮላትና የእንጨት ዕቃ ነጋዴዎች ቡናማው ሸቀጣችን በማስታወቂያ ላይ አልለይ አለ ብለው በማማረራቸው ጭምር መሆኑን የኮዳክ ባለሙያዎች ራሳቸው ተናግረዋል። ቀልድ ቢሆን ኖሮ ባሳቀን።

የእኛ ሰው ግን መላ አያጣም። ብርሃን ከበር በሚገባበት ቤት እናትን ከበሩ ፈት ለፊት ሳይሆን ገባ ብሎ በጎን ማስቀመጥ፣ ከዚያም ያንኑ ያስቸገረንን ነጠላ አንድ ልጅ ከወዲያኛው ጎኗ ዘርግቶ እንዲይዝ ማድረግ ነው። ከበር የመጣው ብርሃን ነጠላው ላይ አርፎ፣ ለስልሶ፣ በጥላ ወዳለው ጉንጭ ይመለሳል። ፍላሽ ግድ ቢሆንም እንኳ ወደ ፊት ከመተኮስ ወደ ነጭ ኮርኒስ አቅንቶ መልቀቅ ይሻላል። ቪዲዮ ካሜራ ላይ የተገጠመ ፍላሽ ግን አንገቱ አይዞርምና ፊት ለፊት ብቻ ነው የሚያውቀው።

በቴአትር ቤት ነገሩ ተገልብጦ ይመጣል። መድረኩ ጨለማ ሆኖ በአንዲት የብርሃን ክብ ውስጥ ተዋናዩ ብቻውን ሲቆም፣ ከአዳራሹ ኋላ በሦስት እግሩ የተተከለው ካሜራ በዙሪያው ያለውን ጨለማ አይቶ «ብርሃን አነሰ» ይልና ቀዳዳውን ይከፍታል። ያን ጊዜ የተዋናዩ ፊት የታጠበ ሰሃን ይሆናል፤ ዓይን የለ፣ አፍ የለ። ያ ተዋናይ ለስድስት ሳምንት የተለማመደው የፊት እንቅስቃሴ ከክሩ ላይ ሊገኝ አይችልም። ብርሃኑን በእጅ ማስተካከል ይቻላል፤ ከካሜራዎቹ ብዙዎቹ ለዚሁ የተሠራ ማዞሪያ አላቸው፤ የሚነካው ሰው ነው ያልበረከተው። ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር ፍቅር፣ ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት ስንት ተውኔት ታይቶ አልፏል! አብዛኛው በመጽሐፍ አልታተመም። ከተቀረጸው ጥቂቱ ደግሞ ፊት አልባ ሆኖ መገኘቱ የሚያንገበግብ ነው።

ፍላሹማ ከዚህም ይብሳል። ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ሩብ ይቀራል። ሁለት ሜትር ላይ ደኅና የሚያበራ ፍላሽ ሃያ ሜትር ላይ ሲደርስ መቶ አንደኛ እጁ ብቻ ነው የሚተርፈው። ከአዳራሹ መካከል ተነሥቶ ብልጭ የሚያደርገው ተመልካች እንግዲህ መድረኩን አላበራም፤ ከፊቱ የተቀመጡትን ሰዎች ማጅራት ነው ያበራው። ቤቱ ሲሄድ የሚያገኘው ፎቶግራፍም ይኸው ነው፤ አሥራ አምስት ማጅራትና ከኋላቸው ጨለማ። በጨለማ የሰፋው የተዋናዩ ዓይን ግን ብልጭታውን ተቀብሏል፤ ለጥቂት ጊዜም የደረጃው ጠርዝ አይታየውም። መብራት ባለሙያው ንጋትን በሦስት ደቂቃ እያለሰለሰ ሲያመጣ ሰንብቶ፣ አንድ ሰው በሺህ አንድ ሰከንድ ፀሐይ ሲያወጣበት ማየት ያሳዝናል።

ይህን ሁሉ በፍላሽ ላይ ተናግሬ ሳበቃ፣ አንድ ጊዜ ባለውለታዬ የሆነበትን ነገር ልጨምር። የሰፈራችን አንዲት እናት ባላቸው ካረፉ ሦስት ሳምንት ሲሆን በልጃቸው እጅ ሁለት ሚኒ ዲቪ ካሴት ላኩብኝ፤ ኋላም ራሳቸው መጡ።

«ልጄ፣ በድንኳኑ ያቆምነው የመታወቂያውን ጉርድ ነው» አሉኝ። «ተቆጥቶ የተነሣውን። እሱ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። ለአርባው የሚስቅበትን አውጣልኝ። እዚህ ውስጥ አለ፤ የልጃችን ሠርግ ነው።»

ድሮ ለለቅሶ የሟቹ ጋሻና ጦር፣ የክብር ልብሱ ይወጣ ነበር፤ አልቃሽ እርሱን እያየች ታወርዳለች። ዛሬ ያንን ቦታ የያዘው በፍሬም የተሰቀለ ፎቶግራፍ ነው። የጠየቁኝ ቀላል ነገር እንዳልነበረ የገባኝም በዚህ ነው።

ሠርጉ የ1995 ዓ.ም. ነው። ሁለት የአንድ አንድ ሰዓት ካሴት፤ በሰከንድ 25 ሲባዛ 180,000 ፍሬም። ካሜራዬን ከኮምፒዩተሩ ጋር አገናኝቼ ሦስት ሌሊት ተመለከትሁ። ካሜራማኑ ሙሽሮቹን፣ ሚዜዎቹን፣ ኬኩን አልጠገባቸውም። የሙሽራዪቱ አባት በጠቅላላው የሚታዩት 48 ሰከንድ ነው። ከዚያ ውስጥ በአብዛኛው ጀርባቸውን ሰጥተዋል፣ ወይም ከሰው ትከሻ ኋላ ናቸው፣ ወይም መብራቱ ሲመጣባቸው መዳፋቸውን ወደ ግንባራቸው አንሥተዋል። መብራቱ ሲያልፍ እጃቸውን ያወርዳሉ፤ ያን ጊዜ ግን ድንኳኑ ጨለማ ነው፤ ፊታቸው በሚርመሰመስ ነጥብ ይዋጣል።

በሦስተኛው ሌሊት አንድ ፍሬም አገኘሁ። መብራቱ ካለፋቸው በኋላ፣ እጃቸውም ከወረደ በኋላ፣ ከወዲያ ማዶ የቆመ ፎቶ አንሺ ሌሎች ሰዎችን ሲያነሣ ፍላሹ በጎን ደረሳቸው። ብልጭታው አጭር ስለሆነ ያረፈው በአንደኛው ግማሽ ፍሬም ላይ ብቻ ነበር፤ ሥዕሉ አንድ መስመር ብሩህ፣ አንድ መስመር ጨለማ ሆኖ እንደ መጋረጃ ተዥጎርጉሯል። ጨለማዎቹን መስመሮች አወጣሁ። በቀሩት 288 መስመሮች ውስጥ ሰውየው ነበሩ። ከጎን በመጣው ብርሃን ጉንጫቸው ከጥላው ተለይቶ፣ የዓይናቸው ጠርዝ ተሸብሽቦ፣ ወደ ግራቸው እያዩ ይሥቃሉ። ከርሱ በፊት ያለው ፍሬም ጨለማ ነው፤ ከርሱም በኋላ ያለው ጨለማ ነው። ማንም ሊያነሣቸው አላሰበም።

ሳሳያቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ወዴት ነው የሚያየው?» ብለው ጠየቁኝ።

ክሩን ወደ ፊት ለቀቅሁት። ጨለማው ውስጥ ቢሆንም፣ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ከግራ በኩል አንድ አሳላፊ ማንቆርቆሪያ ይዞ ገባ።

«ጠጁን ነዋ!» አሉ። «የልጆቼ አባት! ጠጁን ነው የሚያየው!» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሣቁ፤ ሣቃቸውም ሳያልቅ ወደ ለቅሶ ተሻገረ። እኔም ሻይ ለማምጣት ተነሥቼ ወጣሁ።

እርሳቸው የፈለጉት ከድንኳኑ መግቢያ የሚታይ ትልቅ ሥዕል ነበር። ፊታቸው በወርድ 120 ነጥብ ብቻ እንደሆነ፣ ፊቱን ብቻ በአሥራ አምስት ሴንቲሜትር ቢያወጡት እያንዳንዱ ነጥብ ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ሆኖ ሰውየው ወደ ጤፍ ቆሎ እንደሚበተኑ በወረቀት አሳትሜ አሳየኋቸው። ተስማማን። ምስሉ በመዳፍ ልክ ታተመ፤ ፎቶ ቤቱ በሰፊ ነጭ ካርቶን መካከል አድርጎ በትልቅ ፍሬም ከተተው። በአርባው ዕለት ከበሩ የገባ ሰው የሚያየው ነጭ ካርቶን ነበር። ሰውየውን ለማየት መጠጋት፣ ጎንበስ ማለት ያስፈልግ ነበር። የቀረበውም ሁሉ ወደ ግራ ዞር ብሎ የሚያዩትን ይፈልግ ነበር።

ዛሬ በየኪሳችን ያለው ስልክ ሁለቱንም ሥራ ይሠራል። ከነዚህ ስልኮች የብዙዎቹ የቪዲዮ ፍሬም 3840 በ2160 ስለሆነ ከስምንት ሚሊዮን ነጥብ በላይ ይይዛል፤ ከሚኒ ዲቪው ሃያ እጥፍ ማለት ነው። በስልኩ ጀርባ ያለው ብርሃንም በአብዛኛው የጥንቱ ብልጭታ አይደለም፤ ለቪዲዮም ለፎቶግራፍም የምትበራ ትንሽ አምፑል ናት። አንድ ወጣት ይህን ጽሑፍ አንብቦ «የምን ግማሽ ፍሬም?» ቢል አልፈርድበትም። ካሴቶቹ ግን በየቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ናቸው፤ የሚያጫውቷቸው ካሜራዎች መሠራት አቁመዋል፣ አብዛኞቹ አዳዲስ ኮምፒዩተሮችም የሚያገናኘውን ሽቦ መሰኪያ የላቸውም። ክር ደግሞ እርጥበትና ሻጋታ ያገኘዋል። ለእኒያ እናት ሥራ የተጠቀምሁበት ካሜራ እስካሁን ይሠራል፤ ጎረቤቶቼም ይህንን ሰምተዋል። ይህን ስጽፍ ከጠረጴዛዬ ላይ የሦስት ቤት ካሴት ተቀምጧል፤ አንዱ ስም አልተጻፈበትም።